በመዝገብ የሰፈረ ይገኛል
(ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ፊደል አይደለም። ፊደሉንማ ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። በግብር ደረሰኝ ላይ ያለውን ቁጥር ታነባላችሁ። የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ሲያነብ በትክክል ማንበቡን ጎንበስ ብላችሁ ታያላችሁ። ድሮ የተነበበላችሁን ሁሉ አምናችሁ ትቀበሉ ነበር። አሁን ግን «እስቲ አሳየኝ» ማለት ጀምራችኋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ማንበብ የቻለ ሰው የሚፈልገውን ጽሑፍ ከየት ያገኛል? ስለ አገሩ፣ ስለ ደብሩ፣ ስለ መስጊዱ፣ ስለ አያቶቹ የተጻፈ ነገር ቢኖር የት ሄዶ ይጠይቃል? «ጽሑፉስ አለ፣ ግን የት እንዳለ አይታወቅም» ማለት፣ «እህሉስ አለ፣ ግን ጎተራው የት እንደሆነ አይታወቅም» እንደማለት ነው። የተራበ ሰው በዚህ አይጠግብም።

እኛ ዘማች ተማሪዎች ዛሬ የምንነግራችሁ ያንን ጎተራ ስለሚከፍተው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ካታሎግ ይባላል።

ካታሎግ ማለት ምን ማለት ነው? የፈረንጅ ቃል መሆኑ አያስፈራችሁ። ነገሩን ታውቁታላችሁ። ገበያ ስትወጡ እህል የሚሸጠው እህል ተራ፣ በግ የሚሸጠው በግ ተራ፣ ቅቤ የሚሸጠው ቅቤ ተራ ነው። ቅቤ ፈልጎ በግ ተራ የሚዞር ሰው የለም። ቤተ መጻሕፍትም እንደ ገበያው ተራ ተራ አለው። የእርሻ መጽሐፍ ከእርሻ፣ የታሪክ መጽሐፍ ከታሪክ ጋር ይቀመጣል። ነገር ግን መጻሕፍቱ በብዙ ሺህ ሲቆጠሩ ሁሉንም በዐይን አይቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንዲት አጭር ጽሑፍ ትዘጋጅለታለች። በዚያች ጽሑፍ ላይ የመጽሐፉ ስም፣ የጸሐፊው ስም፣ የተጻፈበት ዘመን፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ስለ ምን እንደሚናገርና የት እንደተቀመጠ ይሰፍራል። ድሮ ይህ በትናንሽ ካርዶች ላይ እየተጻፈ በመሳቢያ ይደረደር ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። በካርድም ሆነ፣ በደብተርም ሆነ፣ በኮምፒዩተርም ሆነ ሥራው አንድ ነው። የእነዚህ አጫጭር ጽሑፎች ስብስብ ካታሎግ ይባላል።

በዚያች ጽሑፍ ላይ ካለው ሁሉ አንድ ነገር ይበልጣል። እሱም የመለያ ቁጥር ነው። የመሬት ይዞታ ደብተራችሁን አስቡ። ማሳው ቁጥር አለው፤ አዋሳኞቹም ተጽፈዋል። «ከወንዙ ማዶ ያለው የእኔ ማሳ» ብትሉ ጽሕፈት ቤት ያለው ሠራተኛ አያውቀውም። ቁጥሩን ስትነግሩት ግን ወዲያው መዝገቡን ይገልጣል። የመጽሐፍም የመለያ ቁጥር እንዲሁ ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው መጽሐፉን ለመያዝ ተቃርቧል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ እንለይ። አንደኛው በማተሚያ ቤት የታተመ መጽሐፍ ነው። ከእሱ ሺህ ቅጂ ሊኖር ይችላል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይገኛል። ሁለተኛው ግን አንድያ ጽሑፍ ነው። የብራና መጽሐፍ፣ የንጉሥ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ፋይል፣ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የአንድ ሰው የግል ማስታወሻ አንድያ ነው። ከጠፋ ጠፋ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የሚጠበቅበት ቤት ቤተ መዛግብት ይባላል። በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም ለብቻው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ልዩ ክምችት ይሉታል።

ወደ ተራ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው በብዙ ቦታ መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ መጽሐፉን በእጁ ሊያነሣ ይችላል። ወደ ቤተ መዛግብት የገባ ሰው ግን መደርደሪያውን አያየውም። ጽሑፉ ተቆልፎበታል፤ የሚያመጣለት ሠራተኛው ነው። ታዲያ የማናየውን ነገር እንዴት አድርገን እንጠይቃለን? በካታሎግ ነዋ! ለዚህ ነው አንድያ ጽሑፍ ካታሎግ ከሌለው ከጠፋ አይሻልም የምንለው።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየአገሩ ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሡ ሞቱ፤ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ተዘረፉ። ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነበረ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ወደዚያ ሙዚየም ገቡ። እዚያም ቁጥር ተሰጣቸው፤ በመዝገብ ሰፈሩ። ዊሊያም ራይት የሚባል ምሁርም የእነዚህን መጻሕፍት ካታሎግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1877 አሳተመ።

ካታሎጉ ከመታተሙ በፊት፣ እንደ ፈረንጆች በ1872፣ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። ሁለት ነገር እንዲመለስላቸው ጠየቁ። አንዱ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ኵርዐተ ርእሱ የሚባለው፣ ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል ነው። ስለ መጽሐፉ ሲጽፉ የአገሩ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም እንዳለበት ገለጹ። ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል አስታወቁ። እንግዲህ አስተውሉ። ንጉሥ እንኳ ያለ ጽሑፍ ማስተዳደር ተቸገረ!

ምን ሆነ? ሙዚየሙ መዝገቡን ተመለከተ። ክብረ ነገሥት ከመቅደላ ከመጡት መካከል ሁለት ተገኘ። አንዱ በዚያው በ1872 ለንጉሡ ተመለሰ። ሥዕሉስ? ሥዕሉ በሙዚየሙ መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ አልተገኘም የሚል መልስ ተሰጠ። ሥዕሉ ግን አልጠፋም ነበር። ያ ሪቻርድ ሆምስ የተባለው ሰው ለራሱ ወስዶ በቤቱ አስቀምጦት ኖሯል። ያን ጊዜ ሆምስ የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1917፣ ሥዕሉ በጨረታ ተሸጠ።

ሁለቱም ከአንድ አምባ ተወሰዱ። ሁለቱም ወደ አንድ አገር ሄዱ። ሁለቱንም የጠየቁት አንድ ንጉሥ ናቸው። በመዝገብ የሰፈረው ተገኘ፤ ያልሰፈረው ቀረ። መዝገብ ብቻውን ዕቃ አያስመልስም። ከመቅደላ የሄዱት አብዛኞቹ መጻሕፍት ዛሬም ለንደን ውስጥ ብሪቲሽ ላይብረሪ በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ነገር ግን ምን እንደተወሰደ፣ ስንት እንደሆነ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠቅሶ መጠየቅ የሚቻለው መዝገብ ስላለ ነው። የማይታወቅ ዕቃ አይጠየቅም።

አንዳንድ ሰው «ይሄ የፈረንጅ ዘዴ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። እንዲህ የሚል ሰው ወሎ ውስጥ ሐይቅ እስጢፋኖስን ይመልከት። በዚያ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ነበሩ። ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እንደ ፈረንጆች በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ነው። በዚያ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ሌላም ጽሑፍ ገብቶበታል። ከእሱም አንዱ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። የትኛው መጽሐፍ በገዳሙ እንዳለ በስሙ ተጽፏል። ይህ ካታሎግ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አባቶቻችን ከ700 ዓመት በፊት መጻሕፍታቸውን ቆጥረው ይመዘግቡ ነበር። ስለዚህ ካታሎግ መያዝ የራሳችንን ልማድ መቀጠል ነው።

አሁን ያንኑ ወንጌል አብረን እንፈልገው። ፍለጋውን በተግባር ስናየው ይገባናል።

እንደ ፈረንጆች በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ማይክሮፊልም ማለት ገጹ እጅግ አንሶ ፎቶ የሚነሣበት ጥቅል ፊልም ነው። በማንበቢያ መሣሪያ ላይ ሲደረግ ጎልቶ ይታያል። በዚህ ሥራ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት ያለ የብራና መጻሕፍት ቤት ተባብረው ነበር። ከ9 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተዋል። መጻሕፍቱ በየገዳማቸውና በየባለቤታቸው ሲቀሩ፣ ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ለእያንዳንዱም መጽሐፍ ቁጥር ወጣለት።

ቁጥር ብቻ ግን አይበቃም። ቁጥር 1 ምንድነው? ቁጥር 2 ምንድነው? ይህን አንብቦ የሚገልጽ ሰው ያስፈልጋል። ሥራውን የሠሩት ዊሊያም ማኮምበርና የእኛው አገር ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1968 ዓ.ም. አካባቢ በጥይት ቆስለው እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀሱ ነበር። እዚያው ወንበር ላይ ሆነው የፊልሙን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ ስለ ይዘታቸው ለብዙ ዓመታት ጻፉ። በ2013 ዓ.ም. አረፉ። በሁለቱ ሰዎች ድካም ከ1 እስከ 5000 ያሉት ቁጥሮች በ10 ጥራዝ ካታሎግ ታትመዋል።

እስቲ እንፈልግ። መጀመሪያ የምናውቀውን እንጻፍ። የመጽሐፉ ዓይነት ወንጌል ነው። ቦታው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። የሰጪው ስም ኢየሱስ ሞዐ ነው። ሦስት ነገር አወቅን ማለት ነው። ቀጥለን ካታሎጉን በቦታው ስም ወይም በሰውየው ስም እናያለን። ቁጥር 1832 የሚል እናገኛለን። የትኛውን ጥራዝ እንግለጥ? 5ኛው ጥራዝ ከ1501 እስከ 2000 ያሉትን ይዟል። 1832 በዚህ መካከል ነው። ስለዚህ 5ኛውን ጥራዝ እንገልጣለን። እዚያ ስለ መጽሐፉ የተጻፈውን እናነባለን። በመጨረሻ 1832 የሚለውን ቁጥር በወረቀት ጽፈን ለሠራተኛው እንሰጣለን። ፊልሙ ይመጣል፤ ወንጌሉንም እናያለን። እንግዲህ ፍለጋ ማለት ይኸው ነው፤ ከምናውቀው ተነሥቶ ወደ ቁጥሩ መድረስ፣ ከቁጥሩም ወደ ጽሑፉ።

«ካታሎጉ በምን ቋንቋ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ያ 10 ጥራዝ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ችግር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ቁጥሩን እናንተም ታነባላችሁ። የቀረውን ሠራተኛው ወይም የተማረ ልጃችሁ ያነብላችኋል። ዛሬ ደግሞ ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ። የሚኒሶታው ቤት ስሙን ላስመዘገበ ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ያሳያል። ከተማ ያለ ልጃችሁ ወይም አሜሪካ፣ እስራኤል፣ ዐረብ አገር ያለ ዘመዳችሁ ስልክ ካለው ሊመለከትላችሁ ይችላል። እናንተ ግን ምን ብሎ እንደሚፈልግ ንገሩት። «የደብራችንን መጽሐፍ ፈልግ» ብቻ ብትሉት አይሆንም። የደብሩን ስም፣ የመጽሐፉን ዓይነት፣ የምታውቁትን የሰው ስም ሁሉ ስጡት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የታተመው ካታሎግ በ5000 ቁጥር ላይ ቆመ። የተነሣው መጽሐፍ ግን ከ9 ሺህ ይበልጣል። ከ4 ሺህ የሚበልጡት ፊልማቸው እያለ የታተመ ገላጭ ጽሑፍ አልነበራቸውም። በኋላ ነው በኢንተርኔት እየተገለጹ የመጡት። ፊልሙ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ፈላጊው «የለም» ብሎ ሊመለስ ይችል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ካታሎግ ፈልጋችሁ ብታጡ ጽሑፉ የለም ብላችሁ አትደምድሙ። «ሌላ ካታሎግ አለ ወይ? ገና ያልተመዘገበስ አለ ወይ?» ብላችሁ ሠራተኛውን ጠይቁ።

ሌላም ምክር አለን። የመጽሐፉን ስም ብቻ አይታችሁ አትለፉ። በብዙ የብራና መጻሕፍት ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ሌላ ጉዳይ ተጽፎ ይገኛል። የርስት ሽያጭ፣ የጉልት ስጦታ፣ የኑዛዜ፣ የእርቅ፣ የድርቅ ነገር ሁሉ ይጻፍበታል። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ነገር ማንም ደፍሮ አይፍቀውም ተብሎ ነበር። ዶናልድ ክራሚ የሚባል ታሪክ አጥኚ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያሉ ጽሑፎች መርምሮ ስለ ኢትዮጵያ መሬት ታሪክ እንደ ፈረንጆች በ2000 መጽሐፍ አሳትሟል። ገበሬው ማሳውን ለማን እንደሸጠ፣ ምስክሩ ማን እንደነበረ የሚታወቀው ከዚያ ነው። በካታሎጉ ላይ ግን የመጽሐፉ ስም «ዳዊት» ወይም «ወንጌል» ይላል እንጂ «የመሬት ጉዳይ» አይልም። ስለዚህ ገላጭ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ጥሩ ካታሎግ የተጨመረውንም ጽሑፍ ይጠቅሳል። ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። የዛሬ የመሬት መብት የሚታየው በዛሬው ሕግና በይዞታ ደብተር ነው። የድሮው ጽሑፍ የሚያስረዳን ታሪካችንን ነው፤ ለክርክር ማሳ መንጠቂያ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ቤተ መዛግብት እንምጣ። የመሥሪያ ቤት ወረቀት እንደ መጽሐፍ አንድ በአንድ አይመዘገብም። ብዛቱ አያስችልም። የሚመዘገበው ፋይሉ ወይም ሣጥኑ ነው። መዝገቡ «የዚህ መሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት» ይላል። የአያታችሁ ስም በመዝገቡ ላይ የለም። በሣጥኑ ውስጥ ግን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የቤተ መዛግብት ፈላጊ መጀመሪያ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ «ይህን ጉዳይ በዚያ ዘመን የሚመለከተው የትኛው መሥሪያ ቤት ነበር?» የክስ ጉዳይ ከሆነ ፍርድ ቤት ነው። የግብር ጉዳይ ከሆነ ገንዘብ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ነው። የትምህርት ቤት መሠራት ከሆነ የትምህርት መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱን ያወቀ ሣጥኑን ያገኛል። ሣጥኑን ያገኘ ደግሞ በትዕግሥት ወረቀቱን ይገልጣል።

በአገራችን የት እንሂድ? ሁለት ቤቶችን እንጥቀስ። አንደኛው ብዙ ሰው «ወመዘክር» ብሎ የሚያውቀው የአገሩ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። አዲስ አበባ ነው። በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። የታተሙ መጻሕፍት፣ የብራና መጻሕፍት፣ የድሮ ደብዳቤዎችና የመሥሪያ ቤት ፋይሎች አሉት። የነገርናችሁም የማይክሮፊልም ቅጂ የተቀመጠው እዚያ ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገኛል። እንደ ፈረንጆች በ1963 ተቋቋመ። እሱም የግዕዝና የአማርኛ ብቻ ሳይሆን የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችም አሉት። ስለዚህ የመስጊድና የሼሆች ኪታብም እዚያ ተመዝግቦ ይገኛል።

እዚያ የሚሄድ ሰው መታወቂያ ይያዝ። ብዙ ጊዜ ከቀበሌ ወይም ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ቀድሞ ማጻፍ ደግ ነው። አንድያ ጽሑፍ በሚነበብበት ክፍል እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ እርሳስ ነው የሚያዘው። ቀለም ቢፈስ አይወጣምና። ምግብና ውኃ አይገባም። እጅ ንጹሕ ይሁን፤ ጣትን በምራቅ እያራሱ ቅጠል መግለጥ አይገባም። ፎቶ ለማንሣት አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሰው ለማንገላታት አይደለም። አንድያ ጽሑፍ ስለሆነ ነው።

ፈላጊውን የሚያደናቅፉ አራት ነገሮች አሉ። እነሱን እንንገራችሁ።

አንደኛው ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ስንናገራቸው አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በካታሎግ ላይ ግን የተለያዩ ናቸው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ጸሐይ» ይላል፤ ሌላው «ፀሀይ» ይላል። ኮምፒዩተር እንደ ሰው አያገናዝብም። በአንዱ ብታጡ በሌላው ፈልጉ። ፊደል ስትማሩ «ሦስት ሀ ለምን አስፈለገ?» ብላችሁን ነበር። ይኸው እዚህ ላይ ያስፈልጋችኋል።

ሁለተኛው የሰው ስም ነው። እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጠራለን። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉትን ሐዲስ ዓለማየሁን «ሐዲስ» ብለን እንፈልጋቸዋለን። የፈረንጅ ካታሎግ ግን ብዙ ጊዜ የአባትን ስም ያስቀድማል። ስለዚህ «ዓለማየሁ» ከሚለው ዘንድም ተመልከቱ። በማዕረግም አትታለሉ። አባ፣ አለቃ፣ ደጃዝማች፣ ሼህ የሚለውን ትታችሁ በስሙ ፈልጉ።

ሦስተኛው የቦታ ስም ነው። ወረቀት በተጻፈበት ዘመን ስም ይመዘገባል። ዛሬ አዳማ የምንለው በድሮ ወረቀት ላይ ናዝሬት ነው። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብሎ ተጽፏል። የጎንደር አገር ጉዳይ በጌምድር በሚል ስም ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ሽማግሌዎች ከእኛ ከተማሪዎቹ ይበልጣሉ። የድሮውን የአውራጃና የምክትል ወረዳ ስም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ካታሎጉን እኛ ብንገልጥ እንኳ ስሙን የምትነግሩን እናንተ ናችሁ።

አራተኛው ዘመን ነው። የፈረንጆች ዓመት ከእኛው በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። ካታሎጉ 1973 ቢል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ። በፈረንጅ ከሆነ በእኛ 1965 ወይም 1966 ነው። የብራና መጽሐፍ ደግሞ በዓመተ ዓለም የተጻፈ ይኖራል። ከዚያ 5500 ቀንሱ። ለምሳሌ 7345 ዓመተ ዓለም ቢል፣ 5500 ሲቀነስ 1845 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። በዚህ ክፍል የተማራችሁት መቀነስ ለገበያ ሒሳብ ብቻ አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ከሌላ ቦታ ስለ መፈለግ ነው። አሁን ወደ ራሳችን ቀበሌ እንመለስ። እዚህ ያለውስ ጽሑፍ ተመዝግቧል ወይ? በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ስንት መጽሐፍ አለ? በመስጊዱስ? በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የአባት ኑዛዜ፣ የድሮ ደብዳቤ፣ የግብር ካርኒ ስንት አለ? ከነዚህ አንዱ ነገ ቢጠፋ ምን ብለን እንጠይቃለን? «አንድ አሮጌ መጽሐፍ ጠፍቶብናል» ብንል ማን ያምነናል? የትኛው ነው ቢሉን ምን እንመልሳለን?

ስለዚህ አሁን ከተማራችሁ ልጆችና ሽማግሌዎች ጋር ሆናችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ሥራ አለ። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። በካህናቱና በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ፣ በመስጊድም በሼሆቹ ፈቃድ፣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ እንዲህ ጻፉ። ተራ ቁጥር፤ የመጽሐፉ ስም፤ ብራና ወይም ወረቀት መሆኑ፤ ርዝመቱና ስፋቱ በስንዝር ወይም በሴንቲሜትር፤ የቅጠሉ ብዛት፤ ሥዕል ያለው መሆኑ፤ ማን እንደሰጠው፤ መለያ ምልክቱ፣ ለምሳሌ የተቃጠለ ጥግ ወይም የተሰፋ ቅጠል፤ የሚጠብቀው ሰው ስም፤ የተመዘገበበት ቀን። ቁጥሩን በመጽሐፉ ላይ አትጻፉ፤ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ በመካከሉ አስቀምጡ። ደብተሩን ሁለት አድርጋችሁ ገልብጡ። አንዱ ከመጻሕፍቱ ጋር፣ ሌላው በሌላ ቤት ይቀመጥ። ቤት ቢቃጠል አንዱ ይተርፋል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ የደብሩ በዓል ሲደርስ፣ መጻሕፍቱን ከደብተሩ ጋር አመሳክሩ።

ይህን ደብተር ማየት የማይወድ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም መጽሐፍ ገዝቶ በድብቅ ከአገር የሚያወጣ ነው። አሮጌ ብራና በጥቂት ብር የሚገዛ እንግዳ ቢመጣ የሚፈልገው ያልተመዘገበውን ነው። የተመዘገበውን ቢወስድ ይያዛልና። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ነገር ግን ሕጉ ሊረዳን የሚችለው የጠፋብንን ነገር ለይተን ስንናገር ነው። ሊያጠና የመጣ ሰው ካለ ደብተሩን አሳዩት፤ በፈቃድ ፎቶ ያንሣ። ዋናው ጽሑፍ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስ።

ወገኖቻችን፤ ትልቁ ካታሎግ የተጀመረው ከእንዲህ ያለ ትንሽ ዝርዝር ነው። የሐይቁ ወንጌል ላይ መጻሕፍቱን የዘረዘረው ሰው ከ700 ዓመት በኋላ እኛ እናነበዋለን ብሎ አላሰበም ይሆናል። እሱ የገዳሙን ንብረት ሊጠብቅ ነበር የጻፈው። እኛ ግን በእሱ ዝርዝር ገዳሙ ያኔ ምን ያነብ እንደነበር አወቅን። እናንተም ዛሬ የምትጽፉት ዝርዝር ለልጅ ልጆቻችሁ እንዲሁ ይናገራል። እርሳሱ በእጃችሁ ነው፤ ፊደሉንም አውቃችሁታል።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ካታሎግ ምንድነው? ከዕድር መዝገብ ጋር በምን ይመሳሰላል?
2. ከመቅደላ ከተወሰዱት መካከል መጽሐፉ ተገኝቶ ሥዕሉ ለምን ሳይገኝ ቀረ?
3. ቁጥር 1832 በየትኛው ጥራዝ ይገኛል? ቁጥር 1700ስ?
4. በአንድ የብራና መጽሐፍ ላይ 7400 ዓመተ ዓለም የሚል ቢገኝ በዓመተ ምሕረት ስንት ይሆናል?
5. የቀበሌያችሁ የድሮ ስም ማን ነበር? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።
6. በቀበሌያችሁ መጀመሪያ መመዝገብ ያለበት የትኛው ጽሑፍ ነው? ማን ይመዝግበው?